ቅናሽ የሌለው ሞተር

ሰው ዋጋ ሲቀነስለት ደስ የሚለው ገንዘብ ስለተረፈው ብቻ ይመስላችኋል? እኔም ድሮ እንደዚያ ይመስለኝ ነበር። ነገሩ እንዲያ ቢሆን ኖሮ ከመነሻውም ርካሽ የሆነ ዕቃ ሲያገኝ የበለጠ ደስ ይለው ነበር፤ ግን አይለውም። ጫማ ፌስቡክ ላይ ለሽያጭ ለጥፋችሁ "ሦስት መቶ ብር" ብትሉ ሰው ጫማውን ትቶ እናንተን ነው የሚጠራጠረው። "ከአምስት መቶ ወደ ሦስት መቶ" ካላችሁ ግን ያው ጫማ በግማሽ ቀን ያልቃል፤ ገዢውም ቤቱ ገብቶ ለሚስቱ የሚያወራላት ስለ ጫማው ሳይሆን ስላስቀነሳት ሁለት መቶ ብር ነው። ያቺ ሁለት መቶ ብር ግን ቀድሞም የትም አልነበረችም።

ይህ የገባኝ ሆሳዕና ሳስተምር ነው። ኢሕአዴግ ሊያበቃለት ጥቂት ዓመት የቀረው ጊዜ ነበር፤ መቼም ያኔ እሱም አላወቀ፣ እኛም አላወቅን። በከተማው ስልክ የያዘ ሁሉ ነጋዴ ሆኗል። ፌስቡክ ላይ አንድ የመሸጫና የመግዣ ቡድን ተከፍቶ ከአሮጌ ሶፋ እስከ የምትታለብ ላም ድረስ ይለጠፍበታል፤ ላሟ ከፊት፣ ከጎን፣ ይቅርታ አድርጉልኝና ከኋላም ፎቶ ተነሥታ ትወጣለች። እኛ መምህራን አንድ ለአምስት ተደራጅተን ስለ ትምህርት ጥራት ስንወያይ፣ ስልካችንን ከጠረጴዛ ሥር አድርገን "ለመጨረሻ ስንት?" እያልን እንጽፋለን። ይህች ጥያቄ የሰላምታን ቦታ ወስዳ ነበር። ሻጩም መጨረሻውን አይናገርም፤ ትንሽ ይቀንስና "ለእርስዎ ስለሆነ ነው" ይላል። እርስዎ ማን እንደሆኑ ግን አያውቅም።

"ባለቤቱ ከአገር ስለሚወጣ በአስቸኳይ የሚሸጥ" የምትባል ነገርም ነበረች። ሌላ ከተማ ቢሆን ማባበያ ናት ብላችሁ ታልፏታላችሁ። የእኛ ከተማ ልጅ ግን የእውነትም በሳምንቱ ደቡብ አፍሪካ ሊገኝ ስለሚችል፣ ለማመንም ላለማመንም ታስቸግራለች።

እኔ በዚህ ጨዋታ ስም ነበረኝ። አንድ ቁም ሳጥን ከስድስት ሺህ ወደ ሦስት ሺህ ስምንት መቶ ማስወረዴ በመምህራን ክበብ ለአንድ ሰሞን ተወርቶልኛል። የቁም ሳጥኑ በር እንደማይዘጋ ያወቅሁት በኋላ ነው፤ እሱ አልተወራም።

ጋሽ ላምቤቦ ወደ እኔ የመጡት ይህን ስሜን ሰምተው ይመስለኛል። ጎረቤቴ ናቸው፤ ጡረታ የወጡ ጤና ረዳት፣ በቤተ ክርስቲያናቸውም ሽማግሌ። በሞርሲቶ ዙሪያ ባሉት ቀበሌዎች ሕፃናት ሲከትቡና ሲመዝኑ ነው ዕድሜያቸውን የጨረሱት። ሚዛኑን ዛፍ ላይ ያንጠለጥላሉ፣ ሕፃኑን ያስቀምጣሉ፣ ሚዛኑ ያለውን ይጽፋሉ። አንዷ እናት የልጇ ክሳት አሳፍሯት "ትንሽ ጨምርልኝ" ትላቸዋለች፤ አይጨምሩም። ሌላዋ የእርዳታውን ዱቄት ለማግኘት "ትንሽ ቀንስልኝ" ትላቸዋለች፤ አይቀንሱም። በዚህ የተነሣ የሚወዷቸውም የሚቀየሟቸውም ብዙ ነበሩ፤ የሚጠራጠራቸው ግን አልነበረም።

አንድ ቅዳሜ ሞተራቸውን እየገፉ ግቢዬ ገቡ። ልጃቸው ምሕረት አንድ የግል ኮሌጅ ፋርማሲ ለመማር ተቀብሏት ኖሯል። ምዝገባው የሚያበቃው በሚቀጥለው ዓርብ ነው፤ ክፍያውን ይዛ ካልቀረበች ቦታው ለተጠባባቂ ይሰጣል። በቤቱ ውስጥ ለኮሌጅ የሚበቃ ነገር ቢኖር ይህ ሞተር ብቻ ነበር።

"መምህር፣ ይቺን ሞተር በዚያ በስልክህ ሽጥልኝ" አሉ።

"በስንት እንበል፣ ጋሼ?"

"በሠላሳ ሺህ።"

"መነሻው ነው?"

"የምን መነሻ? ዋጋዋ ነው።"

መነሻ ማለት ምን እንደሆነ ላስረዳቸው ሞከርኩ። አርባ እንላለን፣ እነሱ ሃያ አምስት ይላሉ፣ እየተጎተትን ሄደን ሠላሳ ላይ እንገናኛለን አልኳቸው። በትዕግሥት አዳመጡኝ። "አርባ ታወጣለች?" ብለው ጠየቁ። አታወጣም አልኩ። "ታዲያ ለምን እንላለን?" አሉኝ። እስቲ እናንተ መልሱላቸው፤ እኔ አቅቶኝ "ሠላሳ ሺህ ብር" ብዬ ለጠፍኩ።

ወዲያው ከሥሩ አስተያየት መዝነብ ጀመረ። "ለመጨረሻስ?" አለ አንዱ። አነበብኩላቸው። "የመጀመሪያውም የመጨረሻውም ሠላሳ ነው በለው" አሉኝ፤ እንዳሉኝ ጻፍኩ። ሃያ ሰው ሳቀበት። "ዋጋ የማይቀንስ ሰው የሆነ ነገር ደብቋል" ብሎ አንድ ብልህ ጻፈ፤ እሱን ደግሞ አርባ ሰው ወደደለት። የሚደውል ግን ጠፋ። ሰኞም ማክሰኞም እንዲሁ አለፉ። ማክሰኞ ወደ ማታ ምሕረት በአጥሩ በኩል ብቅ ብላ፣ "መምህር፣ የደወለ ሰው አለ?" ስትለኝ፣ "ይደውላሉ፣ ምን ያስቸኩልሻል" አልኳት። የሚያስቸኩላትን ግን ከማንም በላይ አውቅ ነበር። ልጅቷ አሳዘነችኝ።

ያንኑ ዕለት የመጀመሪያውን ማስታወቂያ አጠፋሁና አዲስ ጻፍኩ፤ "ታላቅ ቅናሽ! ከአርባ አምስት ሺህ ወደ ሠላሳ ስምንት ሺህ! ባለቤቱ ከአገር ስለሚወጣ በአስቸኳይ የሚሸጥ።" ጋሽ ላምቤቦ ወጡ ከተባለ ዱራሜ ድረስ ነው፤ እሱም ለቅሶ ሲኖር። አልነገርኳቸውም።

ራት ሳይቀርብ አሥራ አንድ መልእክት ገባልኝ። ከሁሉም የጠነከረው ታምራት የሚባል፣ አዲሎ ላይ ሞባይል የሚጠግን ልጅ ነበር። ሃያ ስምንት ብሎ ጀመረ። እኔ ተቀይሜ ዝም አልኩ። ሠላሳ አለ። "ወንድሜ፣ ከዱራሜ ሠላሳ ስድስት የሰጠኝ አለ" አልኩት፤ ከዱራሜ ማንም አልሰጠኝም። እንዲህ እየተባባልን ሁለት ቀን ከረምን፤ እሱ ስለ ኑሮ ውድነት፣ እኔ ስለ ሞተሩ ጎማ ያልጻፍነው አልነበረም። በመጨረሻ በሠላሳ አራት ተስማማን። እሱ አራት ሺህ ያስቀነሰ፣ እኔም አራት ሺህ ያስጨመርኩ ነበርን። ሁለታችንም በአንድ ጊዜ ስላሸነፍን ደስታችን ልክ አልነበረውም። ትርፏ ለምሕረት መጻሕፍት ትሆናለች ብዬም አቅጄ ነበር።

ሐሙስ ከሰዓት ታምራት ጋሽ ላምቤቦ ቤት መጣ። ጋሽ ላምቤቦ ሻይ አስቀርበው የማን ልጅ እንደሆነ ጠየቁት። አክስቱ ሞርሲቶ ያገባች መሆኗ ሲታወቅ፣ የአክስቱን ልጆች ሁሉ ራሳቸው እንደከተቡ፣ አንደኛው መርፌ አይቶ እንዳመለጣቸው አወሩለት። ሁሉም ነገር ያማረ ነበር። ከዚያ ታምራት ብሩን አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ ደረደረ።

ጋሽ ላምቤቦ እርጋታቸውን ሳይለቁ ቆጠሩ። ሠላሳውን ወደ ራሳቸው ሳቡ፤ አራቱን መልሰው ገፉለት።

"ልጄ፣ አራት ሺህ አብዝተሃል።"

ታምራት ፈገግ አለ፤ ከዚያ ፈገግታው ፊቱ ላይ ደረቀ።

"ጋሼ፣ የተስማማነው እኮ በሠላሳ አራት ነው።"

"ዋጋዋ ሠላሳ ነው።"

እኔ ግቢው ውስጥ የምትጭረዋን ዶሮ በጥሞና መመልከት ጀመርኩ። ታምራት ብሩን አየ፣ ሽማግሌውን አየ፣ ሞተሩን አየ።

"ሞተሩ ምን ሆኗል?" አለ።

"ምንም አልሆነች።"

"ታዲያ ገንዘቤን ለምን ይመልሱልኛል?"

አትፍረዱበት። ያ ልጅ በዕድሜው ቀማኛ ሻጭ አይቷል፣ ለማኝ ሻጭ አይቷል፣ የሚምል ሻጭም አይቷል። ገንዘብ የሚመልስ አላየም። ተነሥቶ ሞተሩ ሥር ተንበረከከ። የሞተር ቁጥሩን ከሊብሬው ጋር አመሳከረ፤ የተበየደ ቦታ በጥፍሩ ፈለገ። ቀስ ብሎም ወደ እኔ ዞሮ "ሰው ገድሏል እንዴ?" አለኝ። ከዚያ ሠላሳ አራቱንም ሺህ ሰብስቦ፣ ለሻዩ አመስግኖ፣ "አስቤበት እደውላለሁ" ብሎ ወጣ። አስቤበት እደውላለሁ ማለት ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ።

ተናዘዝኩ። ምን ምርጫ ነበረኝ? ጋሽ ላምቤቦ አልጮሁም። "አርባ አምስት ያልከው ከየት አምጥተህ ነው?" ብቻ አሉኝ። "እንዲያው ነው፣ ጋሼ" አልኩ። "እንዲያው?" አሉ። ምሕረት በሩ ላይ ቆማ ሁሉንም ሰምታለች። እኔን አላየችኝም፤ ወደ ጓዳ ገባች። እንደዚያን ቀን ያፈርኩበት ጊዜ ትዝ አይለኝም።

ዓርብ ስምንት ሰዓት ላይ ስልኬ ጠራ። ታምራት ነው፤ መካኒክ ይዞ መናኸሪያ ደርሷል። ኮሌጁ አሥራ አንድ ሰዓት ይዘጋል። መካኒኩ አንድ ሙሉ ሰዓት ሲፈታ፣ ሲያሸት፣ ሲያስነሣ ቆየና "ምንም የለውም" አለ። ይህን ጊዜ የታምራት ጥርጣሬ ባሰ። ሌሊቱን ግን አንድ ነገር አስቦ አድሯል፤ ሳይጠየቁ አራት ሺህ የቀነሱ ሰውዬ ቢጠየቁማ የት ይደርሳሉ?

"ሃያ ስድስት" አለ።

"ሠላሳ" አሉ ጋሽ ላምቤቦ።

"ሃያ ሰባት።"

"ሠላሳ።"

"ጋሼ፣ እንዲህ እኮ አይሆንም! እኔ ስጨምር እርስዎ ይቀንሳሉ እንጂ። ሰው ምን ብሎ ይገዛል?" የእውነት ተበሳጭቶ ነበር፤ መካኒኩንም "እንሂድ" ብሎ ብድግ አለ።

ምሕረት የምስክር ወረቀቶቿን በፕላስቲክ ክላሰር ይዛ፣ ጫማዋን አድርጋ፣ በሩ ላይ ቆማለች። ከጠዋት ጀምሮ እንዲሁ ነበረች። ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ሊሆን ነው። አባቷ ቀና ብለው አዩአት። ክላሰሩን ከአንድ እጇ ወደ ሌላው አዛወረችው።

"ሠላሳ ሁለት ሺህ ነው" አሉ ጋሽ ላምቤቦ።

ታምራት እርምጃውን ገታ። "ከትናንት ጀምሮ ሠላሳ ሲሉኝ አልነበር?"

"ተሳስቼ ነው።"

የተናገሩት ሞተሩን እያዩ ነው። ታምራትን ግን ብታዩት! ሁለት ቀን የታፈነ ትንፋሹን የለቀቀ መሰለ። ተመልሶ መጥቶ ወንበሩ ላይ ዘፍ አለ። በመጨረሻ የሚያውቀውን ዓይነት ሰው አግኝቷል። "ኧረ ጋሼ፣ ኧረ እንደ ልጅዎ ይዩኝ! ሃያ ስምንት ልስጥዎት" አለ። ሠላሳ አንድ ተኩል አሉት። ሃያ ዘጠኝ አለ። ሠላሳ አንድ አሉት። መካኒኩ መሐል ገብቶ "በቃ፣ የእርስዎም ይቅር የሱም ይቅር፣ ሠላሳ ይሁን" አለና የሁለቱንም እጅ አገናኘ። ታምራት ብሩን ቆጥሮ አስረክቦ፣ የሽያጩን ወረቀት ፈርሞ፣ ሞተሩን እያስነሣ ለሚስቱ ሲደውል ሰማሁት፤ "ሁለት ሺህ አስቀነስኳቸው!" ይላል። ምሕረት ገንዘቡን ይዛ በሩጫ ወጣች፤ አሥራ አንድ ሊሆን ሲል ከኮሌጁ ግቢ ደውላ መመዝገቧን ነገረችን።

እኔ በደስታ አንድ ቦታ መቆም አቃተኝ። "አዩ ጋሼ፣ ያው ሠላሳዎን አገኙ! ምን ጎደለ?" አልኳቸው። ሞተሩ ከነበረበት ጥግ ላይ ሆነው የዘይቱን ጠብታ በእግራቸው አፈር ያለብሱ ነበር።

"መምህር፣ ሠላሳ ስል አልተሳሳትኩም እኮ።"

"አውቃለሁ፣ ጋሼ።"

"አንተማ ታውቃለህ። ያ ልጅ ግን አያውቅም። እስቲ ደውልልኝ፣ እውነቱን ልንገረው።"

ስልኬን ከኪሴ አወጣሁ። ታምራት ይህን ስልክ ቢሰማ ምን እንደሚያስብ፣ ሞተሩን አዙሮ በስንት ሰዓት እዚህ ደጃፍ እንደሚደርስ ታየኝ። የምሕረት ደረሰኝ ታየኝ። አራቱም መስመር የሞላውን የስልኬን ኔትወርክ አየሁና፣

"ኔትወርክ የለም፣ ጋሼ" አልኳቸው።

በዚያን ዘመን ይህን የሚጠራጠር ሰው አልነበረም። ነገ ይሞከራላ አሉና ገቡ።