በቁሙ ያስለቀስኩለት ሰው

ሰው መጽሐፍ ካሳተመ በኋላ የማያመልጠው ነገር ቢኖር «ለመሆኑ እንዴት ደራሲ ሆንክ?» የሚል ጥያቄ ነው። ጠያቂው የሚፈልገውን መልስ ይዞ ነው የሚመጣው፤ እናንተም ብትሆኑ ይዛችሁ ነው የመጣችሁት። በኩራዝ አነበብኩ፣ ተራብኩ፣ ጸናሁ፣ በመጨረሻም ፈጣሪ ረዳኝ ብዬ እንድነግራችሁ ትጠብቃላችሁ። እንዲህ ብዬ የተናገርኩበት ጊዜ አለ። በአዳራሽ ውስጥ፣ ክራባት አስሬ፣ ሲጨበጨብልኝ አንገቴን እየሰበርኩ ብያለሁ። ውሸት አልነበረም፤ ግን ሆን ብዬ የምዘለው ነገር ነበር። አሁን አርጅቻለሁ፣ የሚጠራኝም አዳራሽ የለም። የዘለልኩትን ለእናንተ ልንገራችሁ።

አባቴ ከየመን ተነስቶ፣ ጨርቅ በበቅሎ ጭኖ፣ ዓባይን ተሻግሮ ደብረ ማርቆስ የገባ ነጋዴ ነው። ከአገሩ ሁሉ ማርቆስን ለምን እንደመረጠ ሲጠየቅ በቅሎዋ ደክሟት ነው ይል ነበር። እናቴ የሉማሜ ገበሬ ልጅ ናት፤ እሱን በማግባቷ ዘመዶቿ ስሟን መጥራት ትተው ነበር። እኔ እንግዲህ የሁለቱ ነኝ። ስሜ ሳልህ ይባላል፤ በስሜ የሚጠራኝ ግን ጥቂት ሰው ነበር። «የአረቡ ልጅ» ነው የምባለው፣ ያውም ጢሜ ከወጣ፣ አባቴም ከሞተ በኋላ። አረብኛዬ ከሰላምታ አያልፍም፣ ሕልሜን የማየው በአማርኛ ነው፤ ይህን ብናገር ግን ማን ይሰማኛል?

ፊደል የቆጠርኩት በስርቆት ነው ማለት ይቻላል። ክርስትና ስላልተነሳሁ የኔታ ዘንድ የሚወስደኝ አልነበረም። የኔታ ክፉ ሰው ሆነው አይደለም፤ ብሄድ ምን እንደሚያደርጉኝ ግራ ይገባቸው ነበር። ሱቃችን ግን ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር አይርቅም፣ የተማሪዎቹ ጩኸት ቀኑን ሙሉ ይሰማል። አንድ ቀን ከአዲስ አበባ ለመጠቅለያ ከመጣ አሮጌ ወረቀት መካከል የፊደል ገበታ አገኘሁ። ድምፁ ከአጥሩ ማዶ፣ መልኩ ከእጄ፤ ሁለቱን አጋባኋቸው። ከዚያ በኋላ ያገኘሁትን ጋዜጣ ሁሉ ማንበብ ሆነ ሥራዬ። ችግሩ አባቴ ነው። ስኳር የሚጠቀልለው በጋዜጣ ስለነበር ወረቀቱን ሁሉ በመቀስ ለሦስት ለአራት ይቆራርጠዋል። መርከብ ሰጠመ ይልና፣ ማን እንደዳነ የሚናገረው ቁራጭ የአንዷ ደንበኛ ስኳር ተጠቅልሎበት ሄዷል። መጨረሻውን ራሴ እፈጥርለታለሁ፤ ያሰኘኝን አድናለሁ፣ ያሰኘኝን አሰጥማለሁ። ደራሲነት የምትሉት ይኸው ነው፣ ሌላ ምስጢር የለውም።

ጣሊያን ማርቆስ ሲገባ አባቴ ሞቶ፣ ሱቃችንም ባዶ መደርደሪያ ሆኖ ነበር። እኔ ከደጃፉ ላይ ሳጥን ገልብጬ ማመልከቻ ጸሐፊ ሆንኩ። የሚጻፍ ነገር በሽ ነበር፤ ልጄ ታሰረብኝ፣ በሬዬ ተወሰደ፣ ቤቴ ተቃጠለ። እኔ አሳምሬ በአማርኛ እጽፋለሁ፣ አስተርጓሚው ወደ ጣሊያንኛ ይገለብጠዋል፣ ከዚያ ወረቀቱ የሚገባበትን እንጃ። መልስ ያገኘ ሰው አላስታውስም። ጣሊያኖቹ አረብ ነው ብለው ብዙ አይነኩኝም፤ ጎረቤቶቼም በዚያው ልክ ብዙ አያምኑኝም። ስቀርብ ወሬ ይቀየራል። ልክ ናቸው፣ ዘመኑ ወንድም ወንድሙን የሚጠረጥርበት ነው ብዬ ራሴን አጽናናለሁ። ማታ ግን ይከፋኛል።

እትዬ ይመኙሻል ወደ እኔ ሳጥን የመጣችው በዚህ መካከል ነው። ባሏን ግራዝማች እጅጉን አገር ያውቀዋል፤ ጣሊያን እንደገባ በደጀን በኩል ወደ ዓባይ በረሃ ወርዶ፣ ጭፍራ አስከትሎ መንገድ የሚዘጋ አርበኛ ነው። እሱን መያዝ ቢያቅታቸው የእሷን አባት፣ የሚያስል ሽማግሌ፣ ከጣሊያን ምሽግ አሰሩባት። አማችህ እጁን እስኪሰጥ ወይም መሞቱ እስኪረጋገጥ ከዚህ አትወጣም ተባለ። ስንቅ ልታቀብል ከሉማሜ መጥታ ዘመድ ቤት ከተቀመጠች ወራት አልፈዋል፤ አባቷ ሳሉ ብሶበት ደም መትፋት ጀምሯል። ባሏ ቢገባ ይሰቅሉታል፣ ባይገባ አባቷ ከዚያው ይሞታል። መሃል ቆማለች።

ማመልከቻ የምታጽፍ መስሎኝ ወረቀት ሳነጥፍ እጄን ያዘችኝ። ባሏ ሞቷል ብላ አልቅሳ አባቷን የማስለቀቅ ዘዴ የታያት ከአስተርጓሚው አፍ ነው። አስተርጓሚው የአገራችን ሰው ነው፤ ለጣሊያኑ ሹም ሲያስረዳ ሰምታዋለች፤ በዚህ አገር ሚስት ጠጉሯን ተላጭታ፣ የባሏን በቅሎ ጭና፣ ልብሱን ዘርግታ ካለቀሰች ሰውየው በእርግጥ ሞቷል፣ ለቆመ ሰው የሚያለቅስ የለም፣ ሟርት ስለሆነ ይፈሩታል ብሎታል። እውነቱን ነው። የሟርትን ነገር እናንተም ታውቁታላችሁ፤ ክፉ ነገር በአፍ ከወጣ ይደርሳል፣ በቁሙ የተለቀሰለት ሰው ውሎ አያድርም ይባላል። የከተማዋ ስመ ጥር አልቃሽ እትዬ ዘነቡ በምስጢር ተለምና፣ ምስጢሩን እጠብቃለሁ፣ አፌን ግን በቆመ ሰው ላይ አልከፍትም ብላ እንቢ ብላለች። አልቃሽ የሌለበት ለቅሶ ደግሞ ማንንም አያሳምንም። ግጥም ያስፈልጋታል፣ የሚገጥም ሰው ጠፋ።

«ታዲያ እኔን ለምን መረጡኝ?» አልኳት።

«ሟርቱ በእኛ ነው የሚደርስ፤ አንተ አልተጠመቅህ፣ ደምህም የሩቅ ነው» አለችኝ፣ ልታስቀይመኝ ፈልጋ ሳይሆን እንደ ተራ ነገር። «ባንተ እጅ ቢጻፍ ምንም አይሆንም።»

አልከፋኝም ብል ውሸቴን ነው። ዕድሜዬን ሙሉ የእኔ ነው ያልኩት ቋንቋ በሩን የከፈተልኝ የቤቱ ሰው ስላልሆንኩ ነው። ግን ደግሞ፣ አፍሬ ነው የምነግራችሁ፣ ደስ አለኝ። ከማመልከቻ ሌላ ጻፍልኝ ያለኝ የመጀመሪያው ሰው እሷ ናት። እጅጉን አይቼው አላውቅም። ስለ እሱ አንዲት ነገር ሳልጠይቃት ሦስት ቀን ቤቴን ዘግቼ፣ ቁመቱን አስረዘምኩ፣ ትከሻውን አሰፋሁ፣ ጀግንነቱን ቸርነቱን በላይ በላይ ጨመርኩበት። ሰው በለቅሶ ላይ ምን መስማት እንደሚወድ አውቃለሁ። ከገጠምኩት ውስጥ አገር የያዘው ይህ ነው፤

በቅሎው ተጭናለች፣ ኮርቻዋ ባዶ ነው፤
ቁልቁለቱን ወርዶ የቀረው ወዴት ነው?

እሷ መጻፍ ማንበብ አታውቅም፤ እያነበብኩላት በቃሏ ያዘችው። ከዚያ ጠጉሯን ተላጨች፣ ፊቷን ነጨች፣ ከከተማው ዳር ካለው ሜዳ ላይ በቅሎውን አቁማ፣ ካባውን ዘርግታ፣ ደረቷን እየደቃች ጀመረችው። እኔ ከሕዝቡ ጀርባ ቆሜአለሁ። የመጀመሪያዎቹ ስንኞች ላይ ላብ አጠመቀኝ፤ አንድ ሰው ይህስ ሐሰት ነው ቢል አለቀልን። ማንም አላለም። ሴቶቹ እየተቀበሉ መለሱት፣ ወንዶቹ ጋቢያቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ፣ ሽማግሌዎች እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቁ። እነዚያ ሰዎች ሁሉ በየቤታቸው ያላለቀሱለት ሬሳ ነበራቸው፤ ጫካ የቀረ፣ ገደል የተጣለ፣ የት እንደገባ ያልታወቀ። የጣሊያን ኮት የለበሰው አስተርጓሚ ሊሰልል መጥቶ መሃረቡን አወጣ። እኔም ማን እንደሞተ ጠፍቶኝ አለቀስኩ። እያለቀስኩ ግን አንዷ ስንኝ ላይ አንድ ቃል ብቀይር ይሻል ነበር እያልኩ አስብ ነበር።

ሠልስቱ እንደወጣ አባቷን ለቀቁላት። በቃሬዛ ወደ ሉማሜ ወሰዱት፣ ሳሉም ቀስ በቀስ ተወው።

እኔስ? እኔማ ስሜ ገነነ። ግጥሙ ከነጋዴዎች ጋር ሉማሜ ወረደ፣ ደጀን ደረሰ፣ ወንዝ የወረደች ሴት ሁሉ ታንጎራጉረው ጀመር። ማን ገጠመው ሲባል «የአረቡ ልጅ» ይባላል፤ አጠራሩ ያው ሆኖ ድምፁ ግን ተለወጠ። ስገባ ወሬ የሚቀይሩት ሰዎች ወንበር ይለቁልኝ ጀመር። ሰው የምሩን ሬሳ ይዞ ይመጣልኝ ገባ፤ ወንድሜን ግጠምልኝ፣ ልጄን ግጠምልኝ። በዚያ ዘመን ሟች አልጠፋም፣ ደራሲ ደግሞ ሥራ ካገኘ አይመርጥም። እጅጉ ራሱ በረሃ ሆኖ ግጥሙን ሰምቶ፣ አሳምራችሁ ቀበራችሁኝ ብሎ መላኩን ሰማን። ይመኙሻል ያን ቀን ስትስቅ አየኋት። በተላጨ ራሷ ላይ ጠጉሯ ብቅ ማለት ጀምሮ ነበር።

ክረምቱ ወጥቶ ዓባይ ሲጎድል እጅጉ ከመሻገሪያው ላይ ተመትቶ ሞተ።

መርዶ እንዴት እንደሚነገር ለእናንተ አልነግራችሁም። ማለዳ ነው፣ ሽማግሌ ተሰብስቦ ነው፣ ሐዘንተኛዋን ግራና ቀኝ የሚደግፋት ሰው ተዘጋጅቶ ነው። ለይመኙሻል ግን ማን ተሰብስቦ ይነግራታል? ሰውየው እኮ ተለቅሶለታል። እንደገና ብታለቅስ የፊተኛው ሐሰት መሆኑ ይታወቃል፣ አባቷም ተመልሶ ይታሰራል፤ በዚህ ጊዜ ደግሞ እሷም አብራ። ስለዚህ የነገራት የባሏ ጭፍራ ነው፣ ሽንኩርት ሻጭ መስሎ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ በገበያ መካከል። ሰላም ልላት ቀርቤ አጠገቧ ነበርኩ። ሽንኩርቱን እያገላበጠ፣ ቀና ሳይል፣ ግራዝማች አርፈዋል፣ እዚያው ቀብረናቸዋል አላት። ሁለት የጣሊያን አስካሪ ወታደሮች ከጀርባችን በርበሬ ይከራከራሉ። እሷ እጇ ላይ የነበረውን ሽንኩርት አየችው። «ይሄስ አልደረቀም እንዴ?» አለች። መርጣ በነጠላዋ ጫፍ ቋጠረች። እግሯ ሳይናወጽ ሄደች። እንዲህ ያለ ነገር ዓይቼ አላውቅም፣ ሁለተኛም አያሳየኝ።

በማግስቱ ወደ ሳጥኔ መጣች። ልታጽፍ አልነበረም። ወረቀቶቼን ሳስተካክል ቆየሁ። እትዬ፣ እኔ የጻፍኩት ነው የገደላቸው እንዳይሉኝ ልላት ስል ቀደመችኝ። እሷ ግን አልተቆጣችም።

«ሟርቱ ደረሰ፣ ሳልህ» አለችኝ። «ለካ አንተም የኛው ነህ።»

ይህን ቃል ከልጅነቴ ጀምሮ ስጠብቀው ነበር። እንዲህ ሆኖ ይመጣል ብዬ ግን አላሰብኩም።

ከዚያ ጣሊያን እስኪወጣ ድረስ ባሏን በሆዷ ይዛ ኖረች። ዘፈን ባለበት እየሄደች፣ ሠርግ እየተጠራች፣ ሰው ሲያወራት እየመለሰች። የጣሊያን ባንዲራ ከምሽጉ በወረደ በሳምንቱ ለቅሶ ጠራች፤ የምሩን፣ ሁሉ እያወቀ። እኔም በዚያን ጊዜ ስመ ጥር ነበርኩና አዲስ ግጥም ጽፌ፣ ወረቀቱን ኪሴ ከትቼ፣ ከሁሉ ቀድሜ ሄድኩ። ከፊተኛው የተሻለ ነው። አሁንም እንደዚያ ነው የማስበው። ግን ማን ይጠብቀኛል? በቅሎዋ ገና ወደ ሜዳው ስትገባ ሴቶቹ በአንድ ድምፅ ያንኑ የሐሰቱን አነሱት። እትዬ ዘነቡ ሳትቀር፣ ያች እንቢተኛ፣ ከፊት ሆና አስጨረሰችው። አገር በቃሉ ያውቀዋል። አለቀሱ፣ ደረት ደቁ፣ ደክሟቸው ተበተኑ።

ይመኙሻል ግን ደረቅ ዓይኗን ቁጭ አለች። ሕዝቡ ሲሄድ አጠገቧ ተቀመጥኩ። «ደግ ሰው ነበር፣ ይሄ የምትሉት ሰውዬ» አለች። «የኔው ግን እንዲህ አልነበረም።»

«እንዴት ያለ ሰው ነበሩ?» አልኳት። ልብ በሉ፣ ያኔ ነው የጠየቅኋት።

ወደ ሜዳው እያየች ትንሽ አሰበች። ፊቷ ላይ አንድ ነገር መፈታት ጀመረ፤ ያ ሁሉ ጊዜ ታግቶ የኖረው እንባ ዓይኗ ጫፍ ደረሰ።

«ሲስቅ አፉን በእጁ ይሸፍናል» አለች።

በዚህ ጊዜ እጄ፣ ሳላዘው፣ ኪሴ ገብቶ እርሳሴን አወጣ።

አየችኝ። እንባውን ከዚያው መለሰችው። ነጠላዋን አጣፍታ፣ ተነስታ፣ በቅሎዋን ፈትታ ሄደች። ከዚያ ወዲህ ብዙ ጽፌያለሁ፣ መጻሕፍቴም ተነብበዋል። ስለ እጅጉ የማውቀው ግን ሲስቅ አፉን በእጁ ይሸፍን እንደነበረ ብቻ ነው።