ቦራ አልበላም

ለመሆኑ እናንተ ብትጠፉ በስንተኛው ቀን ነው የሚፈልጋችሁ ሰው የሚገኘው? አትቸኩሉ፣ አስቡት። ዕድርተኛው ለቅሶ ላይ ሲያጣችሁ ነው ትዝ የምትሉት። ማኅበርተኛው የጽዋው ተራ እናንተ ቤት ሊደርስ ሲል ያስታውሳችኋል። የንስሐ አባትም ቢሆኑ ልጆቻቸው ብዙ ናቸው፤ ለሁሉም በየሳምንቱ አይደርሱም። እኔን ግን በሦስተኛው ቀን የፈለገኝ ተገኝቷል። የስልክ ጨዋታ ነው። አትሳቁ።

ደባርቅ ጂኦግራፊ አስተምራለሁ። ጎልማሳ ነኝ፣ ባለትዳር ነኝ፣ ተማሪ ፊት ስቆም ኮስተር እላለሁ። ይህ ሁሉ ሆኖ ዓመት ሙሉ በስልኬ ላይ ማሳ ሳርስ ከርሜያለሁ። ጨዋታው በአማርኛ ነው፤ የሚሠራው አዲስ አበባ ያለ አንድ ድርጅት ሲሆን የባለቤቴ ታናሽ እህት ሰብለ እዚያው ተቀጥራለች። ገና ስትከፍቱት አንድ በሬ ይሰጣችሁና «ስም አውጡለት» ይላችኋል። እኔም ብዙ ሳላስብ «ቦራ» አልኩት። ቦራ የአማቴ በሬ ስም ነው።

አማቴ አያ ፈንቴ ግጭ ከምትባል የስሜን ተራራ መንደራቸው ወርደው እኛ ጋ ከገቡ ዓመታት አልፈዋል። የቄስ ትምህርት የቀመሱ ናቸውና ፊደል ያለበትን ነገር ሳያነቡ አያልፉም፤ የሳሙና ካርቶንም ቢሆን ድምፅ አውጥተው፣ ረጋ ብለው ይወጡታል። ለእሳቸው የተጻፈ ነገር ቀልድ አያውቅም። ከአገራቸው ሲወርዱ ብዙ ነገር ትተው ቢመጡም ቦራን መሸጥ አልሆነላቸውም። የከተማ ግቢ ደግሞ በሬ አይችልም ብዬ የተከራከርኩ እኔ ነኝ። ስለዚህ ጃናሞራ፣ ከመካነ ብርሃን ወዲያ ላለ አበልጃቸው እያረሰበት እንዲቀልበው ሰጡት። አበልጁ ገበያ ሲወጣ ይደውልልኛል፤ እሱ ከጠፋ እኔ ደውዬ እንድጠይቅ ቃል ገብቻለሁ። ልብ በሉ፣ ቃል ገብቻለሁ።

ሁዳዴ ሲገባ የንስሐ አባቴ ስልኬን በዓይናቸው እያመለከቱ «ከሥጋው ጋር ይችን ነገርም ተዋት» አሉኝ። ተውኩ። በሦስተኛው ቀን ስልኬ ጮኸ፤ «ቦራ ናፍቆሃል» ይላል። እሱም ይጹም ብዬ አለፍኩት። በሳምንቱ «ቦራ በረቱ በር ላይ ቆሞ እየጠበቀህ ነው» አለኝ። ልዋሻችሁ አልችልም፣ ልከፍተው ምንም አልቀረኝ። ዳባት የሚያስተምር አንድ ወዳጄም እንደኔው ጨዋታውን ትቶት ነበር፤ ለእሱ ግን የደረሰው «ነጻ ማዳበሪያ ተመድቦልሃል» የሚል ነው። የጨዋታው ሰዎች እሱ ነጻ ነገር ሲያገኝ እንደማያልፍ አውቀዋል። እኔም በምን እንደምያዝ አውቀዋል።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት ስልኬን ጠረጴዛው ላይ ትቼ ውሃ ልቀዳ ጓሮ ወጣሁ። ስመለስ አማቴ የሉም። ከዘራቸውም የለም፣ ጋቢያቸውም የለም።

«ከጃናሞራ መልእክት መጥቶልህ የለም እንዴ?» አለችኝ ባለቤቴ። «አባባ ስልክህ ላይ አነበቡት። መኪና ያመልጠኛል ብለው ወጡ።»

ስልኩን አነሣሁት። «ቦራ አንተ ከሄድህ ጀምሮ እህል አልቀመሰም። እባክህ ድረስለት» ይላል።

ወደ መናኸሪያ ሮጥኩ። ስደርስ መኪናዋ ሄዳለች። ሰባ ዓመት ያለፋቸው ሰው፣ በጾም ሆድ፣ ያን ሁሉ ገደልና ጠመዝማዛ፣ ስክሪን ላይ ለተሣለ በሬ! ቶሎ ብዬ አበልጁ ጋ ደወልኩ፤ ስልኩ ዝግ ነው። መቼ ነበር ለመጨረሻ ጊዜ የደወለልኝ? ከጥምቀት በፊት ነው? ከገና በፊት? ማስታወስ አቃተኝ። ከአማቴ መሄድ ይልቅ ይኼኛው አስደነገጠኝ።

ሰብለ ጋ ደወልኩ። «ይኼን መልእክት የምትጽፉት እናንተ ናችሁ?»

«ዓረፍተ ነገሩን የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ የበሬውን ስም ማሽኑ ይሞላዋል» አለች። ሥራዋን ስለጠየቅኳት ደስ ብሏታል። «የጠፋ ተጫዋች ሁሉ በሚወደው ነገር ነው የሚጠራው። አንተ ማሳህን ትተህ በሬውን ስታሻሽ ነበር የምትውለው። ስለዚህ በሬው ይራብብሃል።»

«አባትሽ አንብበውት ጃናሞራ ሄደዋል» አልኳት። «ቦራ ብለህ ነው እንዴ ስም ያወጣህለት?» አለች።

በማግስቱ ልከተላቸው ስነሣ ከመካነ ብርሃን የመጣ ሹፌር «ሽማግሌው ደኅና ናቸው፣ ጠብቁኝ ብለዋል» አለን። ጠበቅን። ባለቤቴ ምግብ ታቀርብልኛለች እንጂ አታናግረኝም። እኔም ይቅርታዬን እየደረደርኩ፣ እየሰረዝኩ፣ ስምንት ቀን ከራሴ ጋር ሳወራ ሰነበትኩ።

በዘጠነኛው ቀን ከሰዓት በኋላ የግቢው በር ተንኳኳ። አማቴ ናቸው። ከኋላቸው በገመድ የሚጎተት በሬ አለ። እውነተኛው ቦራ። የጎድን አጥንቱ አንድ በአንድ ይቆጠራል።

«ከስቷል» አሉ አማቴ፣ ጀርባውን እየዳበሱ። «አበልጄ ዳገት ላይ ወድቆ፣ እግሩ ተሰብሮ፣ ሁለት ወር ተኝቷል። አንድም የጠየቀው የለ። ቦራም ከደጅ ደጅ እየዞረ የሰው ገለባ ሲለቅም ነው የደረስኩት። አበልጄን በቃሬዛ አስወርደን ጤና ጣቢያ አስገባነው። ትንሽ ብንዘገይ እግሩ አይተርፍም ነበር አሉ።»

መልእክቱ ከየት እንደመጣ ሳልናገር ማለፍ እችል ነበር። ግን አልሆነልኝም። ተንበርክኬ ጨዋታውን፣ ስሙን፣ መልእክቱን ሁሉ አስረዳኋቸው። አማቴ ሳያቋርጡኝ አዳመጡኝ።

«ስለዚህ ዓመት ሙሉ ሥዕሉን ስታበላ ከርመሃል» አሉ።

«አዎ አባባ።»

«ይኼኛውንስ?»

ካፈርኩባቸው ቀኖች ሁሉ የዚያን ቀኑ አይረሳኝም።

ቀጥለው «መልእክቱን የጻፈውስ ማን ነው?» አሉ።

«ልጅዎ ሰብለ ናት።»

«ደውልልኝ።»

ሰብለ ቤቷን ካየች አራት ዓመቷ ነው። በየበዓሉ «የሚቀጥለው» ትላለች። የማታውቀው ሰው ሁሉ ወደ ጨዋታው የሚመለስበትን ቃል ታውቃለች፤ የእሷን መመለሻ የጻፈላት ግን አልነበረም። ድምፁን ከፍ አድርጌ ስልኩን በአማቴ አፍ አጠገብ ያዝኩላቸው።

«ሰብልዬ፣ የላክሽው ደርሶኛል። ቦራ መጥቷል» አሉ።

«እሰይ አባባ» አለች በቀጭኑ።

«አንቺስ?»

ከዚያ በኋላ የሰማነው ለቅሶዋን ብቻ ነው።

እኔ የከተማ ግቢ በሬ አይችልም ያልኩትን ዋጥ አድርጌ ለቦራ በጓሮ በኩል መቆሚያ ሠራሁለት። ጠዋት ጠዋት ገለባውን የማቀርበው ራሴ ነኝ። አበልጁ ጋም በየሁለት ቀኑ እደውላለሁ፤ አሁን እንዲያውም አሰልችቼዋለሁ መሰለኝ። ጨዋታው እስከ ዛሬ ይጠራኛል፣ አልከፈትኩትም።

በቅዳሜ ሹር ከጎንደር በመጣ ሚኒባስ ሰብለ ወረደች፤ ጥሩ ጫማ፣ ጥሩ ቦርሳ፣ ጥሩ ሽቶ። አማቴ የግቢው በር ላይ ቆመው ይጠብቋት ነበር። ጉልበታቸውን ልትስም ስትጎነበስ ትከሻዋን ይዘው ቀና አደረጓት። ከዚያም ያን ቀን በሬውን ባዩበት ዓይን ከላይ እስከ ታች ለረጅም ጊዜ አዩዋት።

«ከስተሻል» አሉ፤ እንድትገባም በሩን ለቀቁላት።