ከቤቱ ጋር የመጡት ክቡር አንቀጽ

ቤት የገዛ ሰው ግድግዳና ጣሪያ ብቻ የገዛ ይመስለዋል። ተሳስቷል። ከሻጩ በላይ ቤቱን የሚያውቅ፣ ከገዢው በላይ የሚያዝበት አንድ ነባር ተከራይ አብሮ ይመጣል። ለእኔ የደረሱኝ ጡረታ የወጡ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ናቸው። ስማቸውን “ክቡር አንቀጽ” ብዬዋለሁ፤ በሌሉበት።

የያዙት የታችኛውን ክፍል ነው። እኔም ቤቱን የገዛሁት ለዚያው ክፍል ስል ነበር። እናቴ ጉልበቷ ደረጃ አልወርድም ካለ ወራት አልፈዋል፤ ላይኛው ፎቅ ከእኔ ጋር ተቀምጣ ፀሐይን የምታየው በመስኮት ነው። ይህን ግን ኩራት ይዞኝ አልተናገርኩም። ድምፄን ወፈር አድርጌ “ክፍሉን ለራሴ እፈልገዋለሁ” አልኳቸው።

ክቡርነታቸው መነጽራቸውን አደረጉ። ከቀድሞው ባለቤት ጋር የተፈራረሙትን ውል ከክላሰር አወጡ።

“አንቀጽ ስድስት። ቤቱ ቢሸጥም ውሉ ይጸናል። ገና ሁለት ዓመት አለን፣ ልጄ። ደግሞ ቧንቧው ያንጠባጥባል፤ አንቀጽ ዘጠኝ።”

ላስወጣ ሄጄ ቧንቧ ጠግኜ ተመለስኩ። ሌላ ቀን ጠበቃ ይዤ ሄድኩ። ጠበቃው ውሉን አነበበና “ማን ነው የጻፈው? እንዴት ያምራል!” ብሎ ቅጂ ለመናቸው። ከዚያ ወዲያ ተስፋ ቆረጥኩ። እናቴ “እዚሁ ይመቸኛል” ትለኛለች።

አንድ ቀን የበራቸውን እጀታ እየቀየርኩ፣ ከንዴቴ ብዛት አመለጠኝ። “እናቴ እኮ ደረጃ መውረድ አቅቷት ነው!”

ክቡርነታቸው ተቆጡ።

“ይሄ እኮ መጀመሪያ የሚነገር ነገር ነው! ምን ዓይነት ልጅ ነህ?” ውሉን አገላበጡ። “አንቀጽ አንድ፣ ‘አንድ ክፍል’ ነው የሚለው። የታችኛው ይላል? አይልም። የእሷን ክፍል ስጠኝ።”

ይኸው እናቴ አሁን ደጃፍ ላይ ፀሐይ ትሞቃለች። ክቡር አንቀጽ ደግሞ የመኝታ ቤቴ ጎረቤት ሆነው ቅሬታቸውን በግድግዳው በኩል ያሰሙኛል። መከራዬ ባሰበት እንጂ አልቀነሰም።

ብቻ ከገበያ ሲመለሱ ደረጃው መሃል ላይ ይቆማሉ። ሰባን ካለፉ ቆይተዋል። እኔን ሲያዩ ግድግዳውን መታ መታ አድርገው፣ ትንፋሻቸው ቁርጥ ቁርጥ እያለ፣ “ይሄ ልስን ተሰንጥቋል” ይላሉ።

አልተሰነጠቀም።

“ዛሬውኑ አስጠግነዋለሁ፣ አባቴ” እላቸዋለሁ፤ ትንፋሻቸው እስኪመለስም አብሬያቸው ቆሜ የሌለውን ስንጥቅ አያለሁ።