ለባቡሩ የሚለማመደው ብስክሌት

ሚኒባስ በሚመላለስበት መንገድ ሁሉ፣ ራሱ ከመሳፈሩ በፊት ስለ ዕቃው አሳፋፈር የሚደራደር አንድ ሰው አይጠፋም። አንዱ በጉ መስኮት አጠገብ እንዲቆምለት ይለምናል። ሌላው ቁም ሳጥኑ እንዳይበርደው ይጨነቃል። ከመርሳ ወልድያ ባለው መስመር ግን ይህ ማዕረግ ተቀናቃኝ የለውም፤ የክቡር ጋሽ ዘውዱ ነው፣ የባለ ብስክሌቱ።

ሹፌሩ ሙሄዲን ይህን ማዕረግ ሦስት ዓመት ሙሉ ቅዳሜ ቅዳሜ ከመኪናው ጣሪያ ላይ አስሮ ዳገቱን ወጥቷል።

ጋሽ ዘውዱ ሲሪንቃ እርሻ ምርምር ላይ ሠላሳ ዓመት የማሽላ መደብ ሲለኩ የኖሩ ሰው ናቸው። ሙሄዲን ልጅ ሳለ ያንኑ ጥቁር ብስክሌት እየሮጠ ይከተለው ነበር። በኋላው ላይ የማሽላ ዛላ የያዙ የወረቀት ከረጢቶች ይንጠለጠሉበታል፤ ዳገቱ ላይ ሲደርሱ ጋሽ ዘውዱ ወርደው ይገፉታል፣ ሙሄዲንም ከኋላ ያግዛል። ጡረታ ሲወጡ ማሽላውን ለተተኪዎች አስረከቡ። ሙከራውን ግን ይዘውት ወጡ። አሁን የሚሞክሩት ባቡርን ነው።

ወደ ወልድያ ይመጣል የተባለው ባቡር ገና አልመጣም። ይህ ለጋሽ ዘውዱ ጥቃቅን ጉዳይ ነው።

"ሲመጣ መደናገር ነው ነውሩ" ይላሉ። "ብስክሌት ባቡር ላይ መጫን ጆንያ መወርወር መሰለህ? በሩ ልክ አለው፣ መነሻው ሰዓት አለው፣ መቆሚያው ቦታ አለው። ያን ጊዜ የእኛ የሐብሩ ወረዳ ሰው መሪውን በር ላይ ቀርቅሮ፣ ከኋላው ሕዝብ እየጮኸበት ሲታገል ይታይ? እኔ በሕይወት እያለሁ አይታይም።"

ስለዚህ ልምምዱ በሚኒባስ ይካሄዳል። ጠዋት ብስክሌቱ ከመርሳ ወልድያ ይጫናል፤ ከዚያ ጋሽ ዘውዱ ተፈናጥጠውት ቁልቁለቱን ወደ ቤታቸው ይመለሳሉ። "ቁልቁል ለማውረድ ለምን ሽቅብ ያወጡታል?" ብሎ የጠየቀ ሁሉ አንድ መልስ ያገኛል፦ "አንዴ የተሠራ ውጤት አይባልም፤ ይደገም።"

ድግግሞሹ በደብተር ይመዘገባል።

"ሙሄ፣ የዛሬው መነሻ ስንት ሰዓት ነው?"

"ሲሞላ ነዋ፣ ጋሼ።"

"ሲሞላ የሚባል ሰዓት የለም።"

ይጽፋሉ፦ *መነሻ፣ ሲሞላ። በእኛ አቆጣጠር 1፡52።*

ከኪሳቸው ቋጠሮ ያለው ሲባጎ ይወጣል፤ የብስክሌቱ ርዝመት ነው። ባዩት በር ሁሉ ላይ ይዘረጉታል፤ በሚኒባሱ በር፣ በአይሱዙ፣ አንዴ እንዲያውም በማዘጋጃ ቤቱ በር ላይ። "አንድ ሜትር ከሰባ ስምንት" ይላሉ ጮክ ብለው፣ ተሳፋሪው ሁሉ መስካሪ እንዲሆን።

ወልድያ ፓፓያ የምትሸጠው ሲቲ የመስመሩ ደንበኛ ናት። "ጋሽ ዘውዱ፣ ወላሂ ይህ ብረት ከእኔ ፓፓያ በልጦ ተከበረ" አለቻቸው አንድ ቀን።

"ያንቺ ፓፓያ የትም ቢሄድ ፓፓያ ነው፣ ማን ይከለክለዋል። ብስክሌት ግን ሳይጠራ ሰርግ ቤት እንደገባ ሰው ነው። ጥጉን ይዞ በትሕትና መቆም ካላወቀ ያስወጡታል። እኔ እያሠለጠንኩት ነው።"

"እሱ ሠለጠነ፤ እኛ ነን ያረፈድነው" አለች።

ነገሩ የተበላሸው ሙሄዲን መኪናውን ባስቀባ ሳምንት ነው። ብስክሌቱን ከጣሪያ ሲያወርዱ ፔዳሉ የመኪናውን ጎን ከመስኮት እስከ ጎማ ድረስ ሞነጨረው። ሙሄዲን ጭረቱን በጣቱ ተከተለው። ከዚያ ተርሚናሉ ሁሉ እየሰማ፣ "ጋሼ፣ በቃ። ይህ ብረት ሁለተኛ መኪናዬ ላይ አይወጣም" አለ።

ጋሽ ዘውዱ አልተከራከሩም። ጭረቱን በሲባጎ ለኩ፣ መዘገቡ፣ "ልክ ነህ" አሉና ብስክሌቱን እየገፉ ሄዱ።

ቢከራከሩት በተሻለው ነበር። ያቺ "ልክ ነህ" ሳምንቱን ሙሉ ከሙሄዲን ጋር ተሳፍራ ተመላለሰች። ማክሰኞ ተራ ሲጠብቅ ወደ ብየዳ ቤት ጎራ አለና ለጣሪያው ሁለት የብረት መንጠቆ አዘዘ። በያጁ፣ "በመካከላቸው ምን ያህል ይሁን?" ሲለው፣ አፉ ራሱ መለሰ፦ "አንድ ሜትር ከሰባ ስምንት።"

ቅዳሜ ጠዋት ጋሽ ዘውዱ በእግራቸው መጡ። ደብተሩ በብብታቸው ነው። ብስክሌት የለም።

 ሲቲ አንገቷን በመስኮት አውጥታ ከኋላቸው ያለውን መንገድ ቃኘች። "ጋሽ ዘውዱ፣ ብስክሌቱስ?"

"ቤት ነው።"

ሙሄዲን ዓይናቸውን ማየት አቃተው። "ጋቢና ይግቡ፣ ጋሼ" አለና በሩን ከፈተላቸው።

መኪናው በጊዜ ተነሣ፤ ማንም ደስ አላለውም። ሲሪንቃን ሲያልፉ ሲቲ ከኋላ "ደህና ነው ግን?" ብላ ስለ ብረቱ እንደ ሰው ጠየቀች። ጋሽ ዘውዱ ራሳቸውን ነቀነቁ። ሙሄዲን ያን ሁሉ ዓመት በዚህ ብስክሌት ሲማረር፣ የቅዳሜው ጉዞ ያለሱ ባዶ እንደሚሆን አስቦ አያውቅም። ሽማግሌ ሰው ያቆመውን በአንድ ቃል እንዳፈረሰ ተሰማው። የወልድያ ቤቶች ሲታዩ መታገስ አልቻለም።

"ጋሼ፣ ሊሸጡት ነው እንዴ?"

"ምኑን?"

"ብስክሌቱን። በእኔ ንግግር ተቀይመው ከሆነ…"

ጋሽ ዘውዱ ዞረው አዩት። "ሙሄ፣ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ያለ ማነጻጸሪያ ዘርቼ አላውቅም። የማዳበሪያው ጥቅም የሚታወቀው አጠገቡ ምንም ያልተደረገበት መደብ ሲኖር ነው። ብስክሌቱ ስንት ደቂቃ እንደሚያጓትት ለማወቅ አንድ ቀን ያለ ብስክሌት መምጣት ነበረብኝ። መቶ አርባ ድግግሞሽ ይዤ ማነጻጸሪያ የለኝም፤ እያሳፈረኝ ነበር።"

ሙሄዲን ማርሽ ቀየረ። "ውጤቱስ?" አለ።

መነጽራቸውን አስተካክለው አነበቡ። "*መነሻ 1፡41። ጭቅጭቅ የለም። በአሥራ አንድ ደቂቃ የቀደመ። ሲቲ ሁለት ጊዜ ጠየቀች። ሹፌሩን ከፍቶታል፤ ምክንያቱ አልታወቀም።*"

ተርሚናል ሲወርዱ ቀና ብለው ጣሪያውን አዩ። "እነዚህ ብረቶች ምንድን ናቸው?"

"የጀሪካን ማሰሪያ ነው።"

ጋሽ ዘውዱ ሲባጎውን አወጡና አቀበሉት። ሙሄዲን ጣሪያው ላይ ወጥቶ ከመንጠቆ እስከ መንጠቆ ዘረጋው። ቋጠሮው ልክ ብረቱ ላይ አረፈ።

"ጀሪካንህ ጎማ አለው ማለት ነው" አሉ። ደብተሩን ገልጠው ብዙ ጻፉ፤ ከወትሮው የረዘመ። 

እሳቸው እንደሄዱ የቆቦ መስመር ሹፌር መጥቶ ወደ ጣሪያው አንጋጠጠ። "አንተ፣ ምን ሰቅለህ ነው? አንቴና ነው?"

ሙሄዲን ቀስ ብሎ ወረደ፤ ሲባጎው እጁ ላይ ቀርቷል፣ በጥንቃቄ ጠቅልሎ ኪሱ ከተተው።

"ባቡሩ ሲመጣ እናንተ ግራ ትጋባላችሁ" አለው። "እኛ ቅዳሜ መቶ አርባ አንደኛ ልምምዳችን ነው።"