የሰው ልጅ ይዤ ቤት የገባሁ ቀን

«እናት ልጇን በጨለማ፣ በጠረኑ ብቻ ትለየዋለች» ያለው ሰው ወይ አልወለደም፣ ወይ ወልዶ ለሚስቱ ትቶ ሄዷል! የምን ሽታ? በሶዶ ዝናብ፣ ባጃጅ ውስጥ ተኮራምታችሁ፣ አለቃችሁ በስልክ ጆሯችሁን እየበሳው ሽታ የምትለዩ ከሆነ እናንተ እናት ሳትሆኑ የፖሊስ ውሻ ናችሁ። እኔ አልለየሁም። በአፍንጫዬ ቀርቶ በዓይኔም አልለየሁም። እንዲያውም... ቆዩ፣ ከመፍረዳችሁ በፊት ከመጀመሪያው ልንገራችሁ።

እዚሁ ሶዶ፣ አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ የዕቅድና ክትትል ባለሙያ ነኝ። አዎ፣ ክትትል! ሳቃችሁን ለኋላ አቆዩት። ባለቤቴ ቦምቤ ያስተምራል፤ ቤት የሚመጣው ዓርብ ማታ ነው። ስለዚህ ከሰኞ እስከ ዓርብ እናትም አባትም፣ ዳኛም ተከሳሽም እኔው ነኝ። ልጆቼ ሁለት ናቸው፦ ኬጂ የሚማረው ናታን፣ እና ገና በዳዴ ቤቱን የምታምሰው ኤደን።

የዚያን ሰሞን ልጆቹን የምትይዝልኝ ሴት «ለቅሶ ደርሼ ልምጣ» ብላ በዴሳ ወረደች። «ነገ እመለሳለሁ» አለችኝ። የለቅሶ ነገ ደግሞ እንዴት እንደሚረዝም ታውቁታላችሁ... የጨነቀው እርጉዝ ያገባል ይባል የለ? እኔም ሲጨንቀኝ አማቴን ጠራሁ።

አማቴ ቦዲቲ ነው የሚኖሩት። «አዬ» እላቸዋለሁ፤ በወላይትኛ እናቴ እንደ ማለት ነው። ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው ከዓመት በላይ እኛ ቤት አልመጡም፤ ናታንን ያዩት ገና ኮልታፋ ሳለ ነው። እና አዬ ክፉ ቃል ከአፋቸው አይወጣም። «ሥራ ጥሩ ነው» ይላሉ። ከዚያ ዓይናቸውን ወደ ልጁ አንገት ላክ ያደርጉና «ከሳ እንዴ?» ይላሉ። በዚያች በአንዲት «እንዴ» ውስጥ ግን የመሥሪያ ቤታችን የዓመት ግምገማ የማያወጣው ጉድ አለ! ስለዚህ ያን ቀን ዓላማዬ አንድ ብቻ ነበር፦ አዬ ፊት ደህና እናት መስዬ መታየት።

ጠዋት አዬ ከነጎደሬያቸው፣ ከነቅቤያቸው ገቡ። ኤደንን አስታቅፌያቸው ወደ ሥራ በረርኩ። ናታን ቀድሞ ትምህርት ቤት ሄዷልና አልተያዩም። «ከሰዓት ራሴ አመጣዋለሁ፤ ዛሬ ቶሎ እወጣለሁ» አልኳቸው። ፎከርኩ ማለት ይቀላል።

ከሰዓት ዳሞታ ተራራ ጉሙን ተከናነበ። ዳሞታ ሲከናነብ ሶዶዎች ጃንጥላ እንፈልጋለን። እኔ ግን የፈለግሁት ባጃጅ ነበር፤ ተሳፍሬ ወደ ኬጂው ስገሰግስ ስልኬ ጮኸ። አለቃዬ!

«ሪፖርቱ ዛሬ ካልተላከ አለቀልን!»

«ጨርሼዋለሁ፤ ቤት እንደደረስኩ በላፕቶፔ እልከዋለሁ።»

«ወረዳዎቹ ሁሉ ገብተዋል?»

«ገብተዋል!»

ባጃጁ ትምህርት ቤቱ በር ላይ ቆመ። አሁን ስለ ዝናብ ልብሱ ልንገራችሁ። የበልጉ ዝናብ ሲጀምር አንድ ነጋዴ ኮፍያ ያለው ቢጫ የልጆች የዝናብ ልብስ አምጥቶ ገበያ ላይ አራገፈ። ርካሽ ነው። እኔም «ይሄንን ያየሁት እኔ ብቻ ነኝ» ብዬ ተሻምቼ ገዛሁ። ለካ የከተማው እናት ሁሉ ተሻምታለች! በሩ ላይ ልጆቹ ተኮልኩለው ሳያቸው ትምህርት ቤት ሳይሆን የጫጩት ማርቢያ የደረስኩ ነው የመሰለኝ። ሁሉም ቢጫ፣ ሁሉም አጭር፣ ሁሉም ኮፍያው እስከ አፍንጫው የወረደ።

ዘበኛው ጋሽ ዳንሳ ለመኪና በር ሊከፍት ሄዷል፤ የሚያየን ከሩቅ ነው። ስልኬ በትከሻዬና በጆሮዬ መካከል ተሰክቷል። እጄን ከባጃጁ አውጥቼ «ና ና ና፣ ግባ!» ብዬ ከፊት የቆመውን ቢጫ ሳብኩት። ገባ። ታቀፍኩት። ሄድን።

«ስሚ!» አለ አለቃዬ። «የቦሎሶ ቦምቤ ወረዳን ቁጥር ከዳሞት ወይዴ ጋር እንዳታቀያይሪው! ባለፈው ተቀያይሮ ተዋርደናል።»

«ኧረ በፍጹም! አንድ በአንድ በዓይኔ አይቼዋለሁ። ምንም የተቀያየረ ነገር የለም!»

ይህን ስል፣ አንባቢዎቼ፣ ጭኔ ላይ የሰው ልጅ ተቀምጧል።

ልጁ መንገዱን ሙሉ ቃል አልተነፈሰም። የኔ ናታን ባጃጅ ውስጥ ከገባ ሾፌሩን መንዳት ሊያስተምር የሚቃጣው ነው። «ዛሬ ምን ነካው? አደገ መሰለኝ» ብዬ ተደሰትኩ። እናት ስትባል ተስፋዋ አያልቅ!

ቤት ስንደርስ አዬ በሩ ላይ እጃቸውን ዘርግተው ጠበቁን። ቢጫውን ጥቅል ከባጃጁ ወደ እቅፋቸው አሻገርኩና ስልኬን እንደያዝኩ ወደ መኝታ ቤት ሮጥኩ፤ ላፕቶፑ እዚያ ነው። ከበስተኋላዬ አዬ ሲያለቅሱ ይሰማኛል። «ታ ናአው! ልጄ! እንዴት አድጓል! ግንባሩ ቁርጥ አያቱን! ያ ግንባር ሞተ ስል መጣ!»

እኔ አለቃዬን እየሰማሁ፣ በአንድ ጆሮዬ ሳሎኑን እከታተላለሁ። (ክትትል!) አዬ ጎደሬውን በቅቤ አቀረቡለት። ናታን ጎደሬ ሲያይ ጠረጴዛ ሥር ነው የሚገባው። አሁን ግን...

«እግዚአብሔር ይስጥልኝ» አለ አንድ ትንሽ ድምፅ።

ስልኩ ከእጄ ሊወድቅ ነበር። ልጄ አመሰገነ! ቆይቶ ደግሞ፦

«ይጨመርልኝ።»

ይጨመርልኝ! ጎደሬ! አዬ በደስታ ሲያጨበጭቡ ሰማሁ። «ማነው ሥራ ያላት እናት ልጅ አታሳድግም ያለው?» ሲሉማ ዓይኔ እንባ አቀረረ። ይህቺን ቃል ከአማቴ አፍ ለመስማት ስንት ዓመት ጠበቅኩ! ሪፖርቱን ላክሁ፣ አለቃዬን ተሰናበትኩ፣ ፀጉሬን አስተካከልኩና ምስጋናዬን ልቀበል ወደ ሳሎን ወጣሁ።

ሶፋው ላይ አንድ ልጅ ተቀምጧል። አፉ በቅቤ ወዝቷል። አየኝ። አየሁት።

«አዬ... ይሄ ማነው?»

«ልጅሽ ነዋ!» አሉ እየሳቁ።

«አይደለም!»

«እንዴት አይደለም? አንቺ አይደለሽ ያመጣሽው?»

«እኔ ነኝ ግን... አይደለም!»

የአዬ ሳቅ ጠፋ። ልጁን አገጩን ይዘው ቀና አደረጉትና አማርኛው ሁሉ ጠፍቶባቸው «ሀጌ ኦኔ?» አሉ። ይሄ ማነው ማለታቸው ነው። ልጁም በትሕትና፣ በሁለት እጁ ሳህኑን እንደያዘ፣ «ካሌብ» አለ።

ከዚያ በኋላ ያለውን በሥርዓት አላስታውሰውም። ልጄ የታለ? ማን ወሰደው? በሩ ተቆልፎ ይሆን? ስልኬን ባየው የናታን መምህርት ደጋግማ ደውላለች፤ እኔ ግን መቼ ነፃ ሆኜ! መልሼ ብደውል አይነሳም። ግራ እግሬ ላይ የኔን ጫማ፣ ቀኝ እግሬ ላይ የባለቤቴን ነጠላ ጫማ አድርጌ ወጣሁ። አዬ ኤደንን አዝለው፣ ያን የሚያማቸውን ጉልበት ረስተው ከኋላዬ ተንደረደሩ። ካሌብን በመካከል አስገብተን ባጃጅ ውስጥ ተጠቀጠቅን። ካሌብ የተረፈችውን ጎደሬ ይዟል።

«አንተ ልጅ፣» አልኩት በተቆራረጠ ትንፋሽ፣ «እናትህ እንዳልሆንኩ እያወቅህ ለምን አልነገርከኝም?»

«ስልክ እያወራሽ ነበር» አለኝ። «ትልቅ ሰው ስልክ ሲያወራ አይቋረጥም። እማዬ ናት ያለችኝ።»

ሾፌሩ እንኳ ጉሮሮውን ጠራርጎ ወደ ፊት ብቻ አየ። ልጁ እናቱን ነው የጠቀሰው፤ ጥፊው ግን እኔ ጉንጭ ላይ አረፈ። «እማዬ ስልክ ላይ ናት፣ ዝም በል!» በቀን ስንቴ እንደምል ግድግዳዎቼ ይመስክሩ። አዬ በበኩላቸው የካሌብን ግንባር እየዳበሱ «ይመስላል እኮ... እውነትም ይመስላል» ይላሉ። ስሕተታቸውን ከማመን የዘር ሐረግ ቢፈልጉለት ይቀላቸዋል!

ትምህርት ቤቱ በር ላይ ስንደርስ የባንክ የደንብ ልብስ የለበሰች፣ ፀጉሯ በዝናብ የተለጠፈ ሴት ጋሽ ዳንሳን በኮቱ ይዛዋለች። ጋሽ ዳንሳ ጥሩ ሰው ነው፤ አማርኛው ላይ ግን ወንድና ሴትን እኩል ነው የሚያየው።

«ካሌብን እናቱ መጥቶ ወሰደው አልኩህ እኮ!»

«መጥቶ? ወንድ ነው የወሰደው?!»

«አይደለም! እናቱ ነው!»

«እናቱ እኔ ነኝ!»

«አንተ አይደለህም፣ ሌላው እናቱ!»

ሴትዮዋ ልትወድቅ ስትል ከባጃጁ ዘልዬ ወረድኩ። «እኔ ነኝ! ሌላው እናቱ እኔ ነኝ!» ካሌብ ወርዶ ወደ እናቱ ሮጠ። ጭቃው ላይ ተንበርክካ አቀፈችው፤ ፊቱን በመዳፏ አበሰችው፣ መዳፏ በቅቤ ወዛ። ቀና ስትል ዓይኗ እሳት ነው። እኔም ይገባኛል ብዬ አንገቴን ደፋሁ።

«አንቺ ሴትዮ፣ ልጅ ከልጅ አትለይም? ምንድን ነው ሥራሽ?»

መዋሸት እችል ነበር። አንደበቴ ግን ከእግዜር ጋር ያበረ ይመስል፣ «ዕቅድና... ክትትል» አለ።

«ክትትል?!»

እግሬን አየች። አንዱ የሴት ጫማ፣ አንዱ የወንድ ነጠላ ጫማ። ከንፈሯ ተንቀጠቀጠ። ልትሰድበኝ ነው ስል ሳቋ ፈነዳ። እኔም ፈነዳሁ። ሳቁ መሃል ላይ ወደ ለቅሶ ዞረብን፤ ሁለት የደሞዝ ሰዎች በዝናብ ተቃቅፈን ተንሰቀሰቅን። «እኔም እኮ አርፍጄ ነው» አለችኝ በጆሮዬ። «ሁልጊዜ አረፍዳለሁ።»

የኔስ ልጅ? ክፍል ውስጥ ነበር። ከመምህርቱ ጋር ተቀምጦ ቀለም ይቀባል። አልቅሷል ብዬ ነበር፤ እንባ የሚባል የለም። መምህርቷ ስልኳ ባትሪ ጨርሶ ሻንጣዋ ውስጥ እንደተኛ ነገረችኝና፣ «እኔ ስደነግጥ እሱ ነው ያረጋጋኝ» አለች።

ናታንም ቀና ብሎ፣ ነገሩ እንዳሰለቸው ሁሉ፣ «ለቲቸር ነግሬያታለሁ» አለኝ። «እማዬ መጀመሪያ ትረሳለች፣ ከዚያ ትመጣለች አልኳት።»

ይህንን ዓረፍተ ነገር ስድብ ልበለው ምስጋና እስከ ዛሬ አልወሰንኩም። ብቻ አቅፌው ሳሸተው (አዎ፣ አሸተትኩት!) እርሳስና እርጥብ ካልሲ፣ እርሳስና እርጥብ ካልሲ ሸተተኝ። የኔው ነው።

አመሻሹ ላይ ባለቤቴ ከቦምቤ ደወለ። ከማንሳቴ በፊት አዬ ስልኩን ከእጄ ወሰዱት። አሁን ጉዴ ፈላ ብዬ ማጀት ገብቼ ተሸሸግኩ። «ልጆቹ ደህና ናቸው» ሲሉ ሰማሁ። ከዚያ ድምፃቸውን ጠንከር አድርገው፣ «ሚስትህ ናት የከሳችው» አሉት። ከማጀት ለመውጣት ጊዜ ወሰደብኝ፤ ሽንኩርት እየከተፍኩ ነው አልኩ፤ ሽንኩርት ግን አልነበረም።

ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ምን ነበረበት! በማግስቱ ከሰዓት ናታንን ልወስድ ስሄድ ጋሽ ዳንሳ በሩን በደረቱ ዘግቶ ቆመ። ከትናንቱ ጉድ በኋላ ሕግ ወጥቷል፦ ልጁ ራሱ መስክሮ ካላረጋገጠ ማንም ልጅ አይረከብም።

«ጋሽ ዳንሳ፣ ታውቀኝ የለ!»

«ትናንትም አውቅህ ነበር» አለኝ ፍርጥም ብሎ። ወደ ልጄ ዞረ። «ናታን! ይሄ ሰውዬ እናትህ ነው?»

ወላጆች በሙሉ ቆመው ያዩኛል። ልጄ ከላይ እስከ ታች ቃኘኝ። ትንሽ አሰበ። የልጅ ነገር ሁለት ፍሬ፣ አንዱ ብስል አንዱ ጥሬ፤ የትኛው ሊወጣ እንደሆነ ከፈገግታው ገባኝ።

«ብስኩት ገዝታለች?»

«ቤት አለልህ!» አልኩ በጥርሴ።

«እንግዲያ አላውቃትም።»

ጋሽ ዳንሳም «እናንተ ተስማሙና ንገሩኝ» ብሎ በሩን ቀረቀረ። ምን ይደረግ! መንገዱን ተሻግሬ ሱቅ ሮጥኩ፤ እናትነቴን በአንድ ፓኮ ብስኩት አስመሰከርኩ።