ጆንያው ሲያልቅ እጀምራለሁ

(መርሳ፣ ሰባ ዘጠኝ ዓመተ ምሕረት፣ ማክሰኞ ረፋድ። የጭነት መኪና ሹፌሩ ወርቁ የናፍጣ መለኪያ ዘንጉን ከጤፍ ጆንያው ውስጥ ሰክቶ አጎንብሷል። የወልድያው ሐኪም «ስኳር አለብህ፤ እህል፣ ጥራጥሬና ስኳር ትተህ ሥጋ፣ እንቁላልና ጎመን ብላ» ካለው ሦስት ሳምንት ሆኖታል። ሚስቱ እልፍነሽ የጓዳውን በር ተደግፋ ታየዋለች።)

ወርቁ፦ አርባ ሁለት! ቅዳሜም አርባ ሁለት፣ ዛሬም አርባ ሁለት!

እልፍነሽ፦ ምኑ?

ወርቁ፦ ሳንቲሜትር ነዋ! ይኸው የጠመኔ ምልክቴ። አንቺ ልኬት አይገባሽም።

እልፍነሽ፦ አይገባኝም። ሐኪሙ ተወው አለህ እንጂ ለካው አለህ እንዴ?

ወርቁ፦ ትቻለሁ እኮ!

እልፍነሽ፦ ታዲያ ጠዋት አራት እንጀራ የበላው ማነው?

ወርቁ፦ እሱ ለመተው ነው። ጆንያው ሲያልቅ እጀምራለሁ ብያለሁ። ቶሎ እንዲያልቅ ደግሞ መብላት አለብኝ።

እልፍነሽ፦ አሃ! ሻዩ ላይ አምስት ማንኪያ ስኳር የምትደፋውም ለመተው ነው?

ወርቁ፦ የቀበሌ ኮታ ነው! ግማሽ ቀን ተሰልፈሽ ያመጣሽውን መሬት ላይ ልድፋው?

እልፍነሽ፦ ለጎረቤት እንስጥ።

ወርቁ፦ ሽሮውን ለየሻረግ ሰጠሽ አይደል? ምን አተረፍን?

እልፍነሽ፦ ሳህኑን ባቄላ ሞልታ መለሰችው። የሰው ዕቃ ባዶውን ይመለሳል እንዴ? ባቄላውን ለእትዬ ፀሐይ ብወስድ፣ እሳቸው ደግሞ ሰፌዱን ስንዴ ሞልተው ላኩት።

ወርቁ፦ ጎሽ! በዚህ ልግስናሽ እስከ ፋሲካ ወፍጮ ቤት እንከፍታለን።

እልፍነሽ፦ እንግዲያው እንጣለው።

ወርቁ፦ (ቀና ብሎ) ምን? በሰባ ሰባት ከመኪና የረገፈ ስንዴ ከአፈር ላይ ስንለቅም የነበርን ሰዎች እህል እንጣል?

እልፍነሽ፦ እሱስ ልክ ነህ። አይጣልም። ግን አምስት ሳምንት ነው የቀረህ። ስኳርህ ካልወረደ ሐኪሙ የመንጃ ፈቃድ ማሳደሻውን አልፈርምም ብሏል። መኪናውን ማን ሊነዳው ነው? ጆንያው?

ወርቁ፦ ሐኪሙን በማስረጃ አፉን አስይዘዋለሁ። ጤፉ ከቅዳሜ ወዲህ አንዲት ሚሊሜትር አልጎደለም። ስለዚህ ወርቁ እህል አልበላም።

እልፍነሽ፦ አራቱ እንጀራስ?

ወርቁ፦ እሱ ዘንጉ ላይ አይታይም። ይልቅ ጤፉን እዪው፤ ድሮ በሁለት እጄ ነበር የምገፋው፣ አሁን ዘንጉ ቅቤ ውስጥ እንደገባ ስምጥ ይላል።

እልፍነሽ፦ ለምን ይሆን?

ወርቁ፦ የቆላ አየር ነዋ! እህል ሲደርቅ ይላላል። አንቺ አይገባሽም አልኩ።

(ከጓሮ በግ ይጮሃል።)

ወርቁ፦ የማን በግ ነው?

እልፍነሽ፦ የኛ።

ወርቁ፦ በምን ገዛሽው?

እልፍነሽ፦ አልገዛሁትም። ቅዳሜ አንተ ለክተህ እንደወጣህ የግራናው በግ ነጋዴ ኑርሁሴን መጣ። ጤፉን፣ ስንዴውንና ባቄላውን ጭኖ፣ በግና ሃያ እንቁላል ትቶልኝ ሄደ፤ በጉን እስከ ዛሬ ጠዋት ጎረቤት አስሬው ነበር። አንዲት ፍሬ አልተጣለች።

ወርቁ፦ ምን ጤፍ ነው የወሰደው? ጤፉ ይኸው! አርባ ሁለት!

እልፍነሽ፦ እሱ ገለባ ነው፣ የበጉ ቀለብ። ልክ ጠመኔህ ድረስ ሞላሁትና ዘንግህ ቅር እንዳይለው አንድ ጣሳ ጤፍ ከላይ በተንኩበት።

ወርቁ፦ (እጁን እስከ ክርኑ ይሰዳል፤ ገለባ ጨብጦ ያወጣል።) ሦስት ቀን ሙሉ ገለባ ስለካ ዝም ብለሽ ታዪኛለሽ?

እልፍነሽ፦ እኔ ልኬት የት ይገባኛል?

ወርቁ፦ ቆይ ቆይ! ጠዋት የበላሁት እንጀራስ ከየት መጣ?

እልፍነሽ፦ የተቦካ ሊጥ ተርፎኝ ነበር። አራቱ የመጨረሻዎቹ ናቸው።

(ወርቁ ዘንጉን ያያል፤ ጆንያውን ያያል፤ ሌላ የሚለካው ነገር ያጣል።)

እልፍነሽ፦ ሲያልቅ እጀምራለሁ ብለህ የለ? ይኸው አለቀ። በል ነገ ረቡዕ ነው፤ ጾም ሳይገባብን በጉን ያዝልኝ።