ቤታቸውን የሚያሙት አቶ ወልደኪዳን

የገዛ ቤቱን እንደ ጠላት የሚያማ ሰው የሌለበት ከተማ የለም። የሆሳዕናው ክቡር አቶ ወልደኪዳን ግን የሁሉም አለቃ ናቸው። "ቤትዎ ያምራል" ላላቸው ሰው ሁሉ መልሳቸው አንድ ነው፦ "ምኑ ቤት ነው ይሄ፣ ዝም ብሎ የቆመ ነገር!" ባለቤታቸው ወይዘሮ ትርፊት ይህን ሰምተው ሰምተው ታክቷቸዋል።

በኢሕአዴግ ጊዜ ነው፤ ማዘጋጃ ቤቱ የድሮውን ግምት ሽሮ ቤቶችን እንደ አዲስ በደረጃ ሊመድብ ተነሣ። ብሎኬቱ ከጭቃው፣ ኮብልስቶን ዳር ያለው ከጓሮው ሊለይ፣ ግብሩም በዚያው ልክ ሊሆን ነው። አቶ ወልደኪዳን ዝቅተኛውን ደረጃ ካላገኘሁ ሞቼ እገኛለሁ አሉ። ያን የመሰለ የብሎኬት ግድግዳ ጭቃ መረጉት፤ ሶፋውንም ጊምቢቹ ከተማ ያለው ወንድማቸው ቤት ላኩት።

"ኧረ አንተ ሰው፣ ቅዳሜ እንግዶች አሉብን!" ቢሉ ወይዘሮ ትርፊት ማን ሰምቷቸው። እንግዶቹ ልጃቸውን ቤተልሔምን የሚጠይቁ ሽማግሌዎች ናቸው። ልጅቷ "አፍራለሁ፣ ለአባዬ አትንገሪው" ብላ ስለለመነቻቸው ይህን ለባላቸው አልነገሩም።

ቅዳሜ ኮት የለበሱ ሦስት ሰዎች መጡ። አቶ ወልደኪዳን የማዘጋጃ ቤቱ ገማቾች መስለዋቸው ተንደርድረው ወጡ።

"ግቡ፣ ግቡ! ብቻ ጣሪያው ያፈሳል፤ መሠረቱም ሰምጧል። እዚህ ቤት አንድ ደህና ነገር ብታገኙ ከምላሴ ፀጉር ይነቀል!"

ወይዘሮ ትርፊት ጓዳ ሆነው "ወይኔ ልጄ! ሊመለሱ ነው" አሉ።

ትልቁ ሽማግሌ፣ አቶ ተክለጊዮርጊስ፣ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "እኛስ ከዱራሜ የመጣነው ቤቱን ብለን አይደለም። ልጅዎን ቤተልሔምን ለልጃችን ለናትናኤል እንዲሰጡን ነው።"

እንዲህ ሲባል አባት ልጁን ትንሽ ማቃለሉ ወግ ነው፤ "ገና ናት፣ ሙያም የላትም" ይላል። ወይዘሮ ትርፊት ለማቃለሉስ ባሌን የሚያህል የለም ብለው ተጽናኑ።

"ልጄ… ልጄ ገና…" አሉ አቶ ወልደኪዳን። ማቃለሉ ግን አልሆነላቸውም፤ እንባቸው ቀደማቸው። "ኧረ ምን ልበላችሁ! እንደሷ ያለች የለችም።"

ሽማግሌዎቹ እየሳቁ አቀፏቸው።

ሰኞ እውነተኞቹ ገማቾች ሲመጡ ባልና ሚስት የግድግዳውን ጭቃ አጥበውት ብሎኬቱ ወለል ብሏል።

"አባባ፣ ግብርዎ ከፍ ይላል እኮ!" አለ አንዱ ገማች።

"ከፍ ይበላ!" አሉ አቶ ወልደኪዳን። "የቤተልሔም አባት ቤት ነው፤ እንደሆነው ጻፉት።"